ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚገባው ክረምት

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በደብረ ማርቆስ ዳርቻ ፊደል የሚያስቆጥሩ፣ ዳዊት የሚያስደግሙ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አዛውንት ናቸው። ሌላዋ የቀድሞ ተማሪያቸው ናት፤ ዛሬ በከተማው አፀደ ሕፃናትና አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ወሩ ሰኔ ነው፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል።

የኔታ፦ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ መምጣትሽን ስጠብቅ ሰነበትኩ። የጎረቤቴ ልጅ፣ ያች የአምስት ዓመቷ፣ ትናንት ማካፋት ሲጀምር ደጃፍ ላይ ቆማ በእንግሊዝኛ ትዘምራለች። ወንድሟን ምን እያለች ነው ብለው፣ ዝናቡን ሂድልን እያለችው ነው አለኝ። በሰኔ! ገበሬው ማሳውን ደጋግሞ አርሶ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ወር! ይኼን ያስተማራት ማነው?

መምህርት፦ እኔ አይደለሁም፣ የኔታ። ግን እኔ ብሆንም አይግረምዎ። ዜማው ቀላል ነው፤ ልጆች ቶሎ ይይዙታል። ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ሲያካፋበት የሚኖር አገር ልጅ ወጥቼ ልጫወት ብሎ ቢለምን አይፈረድበትም።

የኔታ፦ እነሱ ይለምኑ። እኛ ዝናብ ሲዘገይ ምሕላ የምንይዝ ሰዎች ነን። አባቷ ምሕላ ቆሞ ና እያለ፣ እሷ ደጅ ላይ ሂድ ስትል፣ እግዚአብሔር የማንን ይስማ?

መምህርት፦ የእሷን እንዳይሰማ ነው የምፈራው። የልጅ ጸሎት ቶሎ ይደርሳል ይላሉ። ግን የኔታ፣ መዝሙሩ ቀላሉ ነገር ነው። የባሰውን ልንገርዎ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የአየር ሁኔታ ሰሌዳ አለ። ልጁ ጠዋት ሲገባ ውጭ ያየውን፣ ፀሐይ ይሁን ደመና፣ ነፋስ ይሁን ዝናብ፣ ከሥዕሎቹ መርጦ ይሰቅላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን የተሠራው ማለዳ የዘነበው ከሰዓት በሚያባራበት፣ ሰኞና ማክሰኞ በማይመሳሰሉበት አገር ነው። እኛ ጋ ከኅዳር ጀምሮ ሰኞም ፀሐይ፣ ማክሰኞም ፀሐይ፣ ሳምንቱም ፀሐይ። ጥር ላይ ካርዱን የሚነካው ልጅ አይኖርም፤ ፀሐይዋ እንደተሰቀለች አቧራ ይለብሳታል። ሰማዩ በቀን ሦስት ጊዜ የሚለዋወጥበት ወር ሲመጣ ደግሞ...

የኔታ፦ ትዘጋላችሁ።

መምህርት፦ እንዘጋለን። የውጤት ካርድ ሰጥተን እንሰነባበታለን። ደብረ ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ክፍሎቹ ተቆልፈው፣ ሰሌዳው ጨለማ ውስጥ ተሰቅሎ። ክረምትን የምናስተምረው በበጋ ነው፤ ያውም በሥዕል።

የኔታ፦ መዝጋቱ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ወንዝ ይሞላል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቤትም እጅ ይፈልጋል።

መምህርት፦ አይዘጋ አላልኩም። ልጁ ባዶ እጁን መሄዱ ነው የሚቆጨኝ። ዓመት ሙሉ ስናወራለት የከረምነውን ነገር ሊያየው ሲል፣ ይህን እይ፣ ይህን ያዝ፣ ይህን ጻፍ የሚለው የለም።

የኔታ፦ እስቲ መጽሐፋችሁ ክረምትን ስንት ላይ ይከፍለዋል?

መምህርት፦ አይከፍለውም። አንድ ሥዕል ነው፤ ጃንጥላ የያዘች ልጅ።

የኔታ፦ ጃንጥላ! ገሳ እንኳ አይደለም! በይ ስሚኝ። ክረምት ሰኔ 26 ይገባል፣ መስከረም 25 ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ሁሉ ቀን በአንድ ስም አትጠራውም። እስከ ሐምሌ 18 የዘርና የደመና ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 የመብረቅና የነጐድጓድ፣ የባሕርና የአፍላግ ነው፤ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ የሚሞላበት። ከነሐሴ 10 እስከ 27 ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዐይነ ኵሉ ይባላል። ከነሐሴ 28 እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ጎሕ፣ ነግህ፣ ጽባሕ፤ ሰማዩ እየሳሳ ብርሃን የሚገባበት። ከዚያ ዓመቱ ይለወጥና ዮሐንስ ይባላል፤ ቀጥሎ ፍሬ፤ ከመስከረም 16 ጀምሮ መስቀል። ስንት ሆነ?

መምህርት፦ ሰባት።

የኔታ፦ ሰባት። በየሰሞኑ ምንባቡ ይለወጣል፤ ምስባኩ ይለወጣል፤ ዜማው ይለወጣል። ደብረ ኤልያስ ቅኔ ስቆጥር ከደበሎ በቀር የሚያሞቀን አልነበረም፤ ጎጆው ያፈሳል። ዜማው ወደ ጎሕ ሲገባ ግን ቁራሽ ልንለምን ስንወጣ መንገዱ መጠጠር ጀምሮ እናገኘው ነበር። ወሩን የነገረን ሰሌዳ አይደለም።

መምህርት፦ ዕጓለ ቋዓት የቁራ ጫጩት ማለት ነው አይደል? የሷን ነገር እንደገና ይንገሩኝ። በልጅነቴ ነግረውኝ አፌን ከፍቼ ሰማይ ሳይ ውያለሁ።

የኔታ፦ አስታውሳለሁ፤ ትንኝ ገብቶ አስነጥሶሽ ነበር። የቁራ ጫጩት ስትፈለፈል እናትና አባቷን አትመስልም ይባላል። አይተዋት ይሸሻሉ። እሷ አፏን ከፍታ ትጮኻለች፤ እግዚአብሔር ትንኙን እየላከ ይመግባታል። ዳዊትም ያነሣታል።

መምህርት፦ ልጆቹ ይህን ብነግራቸው እውነት ነው ወይ ይሉኛል። ቁራ ጫጩቱን አይጥልም፤ እናትም አባትም እየተመላለሱ ነው የሚያበሉት። ምን ልበላቸው?

የኔታ፦ ታሪኩን ንገሪያቸው፤ ከዚያ ጎጆዋን ከሩቅ ሆነው ይዩ። እናቲቱ ስታበላ ካዩም፣ በማን እጅ ነው የምታበላው ብለሽ ክርክሩን ለእኔ ላኪው። እኔን የሚይዘኝ ወሩ ነው። ነሐሴ ምን ወር ነው? የአምናው እህል ከጎታው ግርጌ የደረሰበት፣ የዘንድሮው ገና አረንጓዴ የሆነበት። ሰሞኑን በቁራ ጫጩት ስም የጠሩት አባቶች ያዩት ቁራ ብቻ አይመስለኝም። አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ልጅ በየቤቱ ነበረ።

መምህርት፦ ይህንንስ ለአምስት ዓመት ልጅ አልነግረውም።

የኔታ፦ መንገር አያስፈልግሽም። እራቱ ከእንጀራ ወደ ድንች ሲዞር ያውቀዋል።

መምህርት፦ አንድ ነገር ግን ልከራከርዎ። ሰባቱን ስም ለሕፃን በቃል ማስያዝ ምን ይጠቅማል? እኔ ዘንድ የወራቱን ስም እንደ ውኃ የሚያንቆረቁር ልጅ አለ፤ ታኅሣሥ ከሐምሌ በምን ይለያል ሲሉት ዝም። የስዊሱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ ደመና ለምን ይንቀሳቀሳል ብሎ ሕፃናትን ጠይቋል። ትንንሾቹ፣ እኛ ስንሄድ እሱም ይሄዳል ብለው መለሱለት። የኔዎቹም እንደዚያው ናቸው። ጨረቃ እስከ ቤቴ ተከተለችኝ ብላ የምትምል ልጅ አለችኝ። እንዲህ የሚያስብ ልጅ ነግህና ጽባሕ ቢል ምን ገብቶት ነው?

የኔታ፦ ምንም አልገባው። አንቺስ ሀ ስትይ ምን ገብቶሽ ነበር? ስሙን የያዘ ልጅ ነገሩ ሲመጣ ያውቀዋል፤ ስሙን ያልያዘ ልጅ በነገሩ ላይ ተራምዶ ያልፋል።

መምህርት፦ እኔ ደግሞ ነገሩን ያላየ ልጅ ስሙ ቢኖረውም ተራምዶ ያልፋል እላለሁ። መጀመሪያ ይርጠብ፤ ከዚያ ካፊያ ነው፣ ዶፍ ነው፣ ወጨፎ ነው ይበል።

የኔታ፦ እሺ፤ ይርጠብና ይበል። ስለ ወጨፎ ካነሣሽ እኔም የምሰጥሽ አለኝ። ወጨፎ በየትኛው ግድግዳ እንደሚገባ ጠይቂያቸው። የቤቱ አንዱ ጎን ይረጥባል፣ ሌላው ደረቅ ይቀራል። ነፋስ ከየት እንደሚነሣ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር የለም።

መምህርት፦ ይህችን እወስዳታለሁ። ሌላም የቸገረኝ አለ። ባሕረ ሐሳቡ ዓመቱን በአራት ይከፍላል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በሦስት ይከፍላል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ከውጭ የመጣው የሥዕል መጽሐፍ ደግሞ አራት አለው፤ አንደኛው ገጽ ላይ ከበረዶ የተሠራ ሰው በአፍንጫው ካሮት ተክሎ ቆሟል። ልጆቹ፣ ቲቸር፣ ይኼ ሰውዬ ማርቆስ የሚመጣው መቼ ነው አሉኝ። የቱን ላስተምር?

የኔታ፦ ለአምስት ዓመት ልጅ ሁለቱ ይበቃዋል፤ የሚዘንብበትና የማይዘንብበት። ሰባት ሲሞላው አራቱን ስጪው። የበረዶውን ሰውዬ ተዪው።

መምህርት፦ አልተውኩትም። ነሐሴ ላይ በረዶ ጥሎ ግቢው ነጭ ሲሆን ካያችሁ እናንተም አንድ ትንሽ ሰው ሥሩ ብያቸዋለሁ። ከመሠራቱ በፊት ይቀልጣል፤ ለምን እንደቀለጠ መነጋገር ይቻላል።

የኔታ፦ በጋውን ግን ሰማዩ አይለወጥም ብለሽ አልፈሽዋል። እኔ አልቀበልም።

መምህርት፦ እኔም ራሴ አልቀበለውም። ደመናው አይለወጥም እንጂ ፀሐይዋ ትሄዳለች። በግቢው መሃል አንድ ሜትር ቁመት ያለው እንጨት ተክለናል። በእኛ አገር ፀሐይ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው ስድስት ሰዓት ላይ አይደለም፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያች ሰዓት የጥላው ጫፍ ያረፈበት ቦታ ላይ ድንጋይ እናኖራለን። ታኅሣሥ 12 ገደማ ጥላው ወደ ሰሜን 67 ሳንቲሜትር ይረዝማል። ከዚያ በየሳምንቱ እያጠረ ይመጣል። ሚያዝያ 9 ገደማ እንጨቱ ጥላ የለውም፤ ፀሐይዋ አናቱ ላይ ናት። ልጆቹ የሰረቀውን ሰው ፍለጋ ግቢውን ይዞራሉ። ከሚያዝያ በኋላ ጥላው በሌላ ወገን ብቅ ይላል፤ ወደ ደቡብ። ሰኔ 14 ላይ 23 ሳንቲሜትር ደርሶ ይመለሳል። ይህን የሎንዶን ልጅ በከተማው አያየውም። እዚያ የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ አሥር ዲግሪ ላይ ስለሆንን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ታልፋለች፤ ሁለተኛው ነሐሴ 20 ገደማ ነው፤ ደመናው ከፈቀደ።

የኔታ፦ እኛ እንጨትም አላስፈለገንም። ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ጾም መግደፊያው የሚታወቀው ጥላ በጫማ ተሰፍሮ ነው። ሰው ቆሞ የራሱን ጥላ በራሱ ጫማ ይለካል። ቁጥሩም በየወሩ ይለያያል፤ የታኅሣሡ ለሰኔ አይሆንም። ሕፃን በትንሽ እግሩ ትንሽ ጥላውን ሲሰፍር ከአዋቂው ብዙ አይርቅም።

መምህርት፦ ይህን በእርግጥ ይወዱታል። መውጫዋንም እንከታተላለን። ከትምህርት ቤቱ በር ቆመው፣ በየወሩ መጀመሪያ፣ ፀሐይ ከየትኛው ባሕር ዛፍ ጀርባ እንደወጣች ይሥላሉ። ታኅሣሥ ላይ በቀኝ ካለው ዛፍ ትወጣለች፤ እየዋለ እያደረ ወደ ግራ ትገሰግሳለች።

የኔታ፦ ሔኖክ የጻፈው እኮ ይህንኑ ነው! ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት መስኮቶች አሏት፣ በምዕራብም ስድስት። በአንዱ ገብታ በሌላው ትወጣለች። መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ ልጆቻችን ግን ስለ በረዶ ሰውዬ ነው የሚያነቡት።

መምህርት፦ መስኮቶቹን እወስዳለሁ። ነገር ግን ሔኖክ ረጅሙ ቀን ከሌሊቱ እጥፍ ነው ይላል፤ አሥራ ሁለት እጅ ቀን፣ ስድስት እጅ ሌሊት። እኛ ጋ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከሩብ ባልሞላ ጊዜ ነው።

የኔታ፦ ሔኖክ ማርቆስ ቆሞ አልቆጠረም። ተከራከሪው፤ አይቆጣም።

መምህርት፦ ሌላው የበጋ ትምህርት ብርዱ ነው። ልጆቹን መቼ ነው የሚበርደው ስላቸው በአንድ ድምፅ ክረምት ይላሉ። ቀኑን ከሆነ ልክ ናቸው። ሌሊቱን ከሆነ ግን ውርጭ የሚመጣው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ኮከቡ ሁሉ በሚታይበት ሌሊት። ደመና የምድር ጋቢ ነው፤ ሲገለጥ ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል። አንድ ቀን በጠዋቱ ወደ ጨሞጋ ወንዝ ዳር ወስጃቸው ሣሩ ላይ አመዳይ አገኘን። በጥፍራቸው እየፋቁ አንዱ ጨው ነው አለ፣ አንዷ ቀምሳ አይደለም አለች። ከዚያ አንድ ልጅ ቁጢጥ ብሎ ፀሐይ የነካው ሣር እንደረጠበ፣ የግንቡ ጥላ ያለበት ግን እንደነጣ መሆኑን አሳየን። ነጩ መስመር የግንቡን ቅርጽ ይዟል። ፀሐይዋ ከፍ ስትል መስመሩ ወደ ግንቡ ሸሸ። በዚያ ቀን ሰሌዳ ላይ ካርድ የሰቀለ የለም፤ ማንም አልፈለገውም።

የኔታ፦ እሰይ። ዛፎቹንስ?

መምህርት፦ ዛፎቹንማ! የሥዕሉ መጽሐፍ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኖ የሚረግፍ ዛፍ ያሳያል፤ መምህሩም እኛ ጋ የለም ብሎ ያልፋል። አለ እንጂ። ብሳና ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ብርቱካን ይመስላል። ቆርች በበጋ ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ አበባ ይሰቅላል። ወይራና ጽድ አጠገቡ እንደለመለሙ ይቆማሉ። አንዱ አራግፎ አንዱ ለምን አላራገፈም የሚለው ጥያቄ የሳምንት ሥራ ነው።

የኔታ፦ የመስቀል ወፍንስ ረሳሻት? በዓመት አንዴ ብቅ ትልና ትጠፋለች እየተባለ ስሟ የማይመጣን ዘመድ ሁሉ መስደቢያ ሆነ።

መምህርት፦ ምስኪን፤ የትም አልሄደች። ወንዱ ነው በዝናቡ ወራት ቢጫና ጥቁር ወይም ቀይና ጥቁር የሚለብሰው፤ ሴቷን ለማማለል። ከዚያ ልብሱን ይለውጥና ቡኒ ሆኖ ከሴቶቹ ጋር ይቀላቀላል። በጥር አውድማ ላይ እህል የሚለቅመው ያው እሱ ነው። ይህን የነገርኩት ልጅ ወደ ቤቱ ሄዶ አጎቱን፣ አንተም ልብስህን ቀይረህ ነው እንዴ የምትጠፋው ብሎት አረፈ።

የኔታ፦ ደግ አደረገ። አሁን ወደ ክረምቱ እንመለስ። ልጁ ባዶ እጁን እንዳይሄድ ምን ታስይዥዋለሽ?

መምህርት፦ ሃይላንድ።

የኔታ፦ ውኃ?

መምህርት፦ ባዶውን ጠርሙስ። አናቱ ተቆርጦ ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ውስጡ ይገባል፤ ዝናቡ ገብቶ እንዳይተን። ቂጡ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ጠጠር ይደረግበትና ጠጠሩ እስኪሸፈን ውኃ ይሞላል፤ እዚያ ላይ ዜሮ ብለን መስመር እናሰምራለን። ከዚያ በላይ ማስመሪያ ይለጠፋል። ቦታው ከዛፍና ከጣሪያ የራቀ ይሁን፤ ነፋስ እንዳይጥለው ዙሪያው በድንጋይ ይያዝ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነበባል፤ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያውም ዝናቡን የሚለካው በዚያው ሰዓት ነው። ከዚያ እስከ ዜሮው መስመር ይደፋል። ቁጥር የማያውቅ ልጅ ደግሞ ውኃው በደረሰበት ቁመት ልክ ደብተሩ ላይ በሰማያዊ እርሳስ ያሰምራል። ሐምሌ ሲያልቅ ረጃጅምና አጫጭር መስመሮች ተደርድረው ያያቸዋል። ማንበብ ሳይችል ክረምቱን ጻፈ ማለት ነው።

የኔታ፦ አንድ ጣት ውኃ ጠርሙስ ውስጥ ቢገባ ለገበሬው ምን ይነግረዋል?

መምህርት፦ ብዙ ይነግረዋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። 10 ሚሊሜትር የዘነበ ቀን 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 500 ሊትር ወርዷል፤ 25 ጀሪካን። ጀሪካን ተሸክማ ከምንጭ የምትመጣ ልጅ ይህ ሒሳብ ወዲያው ይገባታል። እናቷም ይገባታል።

የኔታ፦ ጳጉሜን 3 ታዲያ ጠርሙሱን አትርሱት። የሩፋኤል ዝናብ ነው፤ ሕፃናቱ ልብሳቸውን አውልቀው የሚጠመቁበት።

መምህርት፦ በዚያ ቀን የምታነብ ልጅ አገኛለሁ ብዬ አላስብም። ሁሉም ውጭ ነው። የቡሄውን ነገር ግን ጠርሙሱ ያሳያቸዋል። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል፤ ጠርሙሱ ግን ነሐሴ 13 ካለፈም በኋላ ይሞላል፤ መስከረምም ገና ዝናብ ነው።

የኔታ፦ አባባሉ ዝናብ ቆመ አላለም፤ ጀርባው ተሰበረ ነው። ከቡሄ በፊት ሙሉ ቀን ሲዘንብ ይውል የነበረው አሁን ለፀሐይ ቦታ እየለቀቀ ይዘንባል። ልጆችሽ የዝናቡን ልክ ብቻ ሳይሆን ፀሐይ የታየበትንም ቀን ይመዝግቡ፤ ያኔ ማን እንደዋሸ እናያለን።

መምህርት፦ ጥሩ፤ ሁለት ምልክት ይሆናል። ፀሐይ እያለች ሲዘንብ ጅብ ወለደች ብለው መጮኻቸው አይቀርም፤ ይጩኹ። ያን ጊዜ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ከፊታቸው የማርያም መቀነትን እንዲፈልጉ ነግሬያቸዋለሁ። ዝናባችን የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ መቀነቷ ብዙ ጊዜ በምሥራቅ ናት።

የኔታ፦ መልካሙን ሁሉ ነገርሻቸው። የሚገድለውንስ?

መምህርት፦ እሱን በቀልድ አላስተምርም። ብልጭታውን ካዩ ጀምሮ ነጐድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠሩ። ሦስት ከተቆጠረ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ስድስት ከሆነ ሁለት። ነጐድጓድ ከተሰማ፣ ቁጥሩ ስንትም ይሁን፣ ወደ ቤት ሩጫ ነው። ከብት ጠባቂው ልጅ ገሳውን ለብሶ የሚጠለለው ሜዳ ላይ ባለች አንዲት ዛፍ ሥር ነው፤ መብረቅም የምትወደው እሷኑ ነው። ከዛፏ መራቅ አለበት።

የኔታ፦ ወንዙንም ጨምሪ። እዚህ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ጮቄ ተራራ ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ጨሞጋ ከዚያ ነው የሚወርደው። ደራሹ ሲመጣ ልጁ ቀና ብሎ የሚያየው ሰማይ ሰማያዊ ነው፤ ምን ያስጠነቅቀዋል? ድምፁን ይስማ፤ ውኃው በድንገት ከደፈረሰም አይግባ።

መምህርት፦ ይህ ወደ ሌላ ነገር ይወስደኛል። ወቅት እዚህ በወር ብቻ አይመጣም፤ በዳገትም ይመጣል። ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄደ ልጅ ያውቀዋል። ከማርቆስ ሹራብ ለብሶ ይነሣል፤ ከደጀን ወደ አባይ ሲወርድ ያወልቃል፤ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ መልሶ ይለብሳል። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል፤ በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ገደማ ይለወጣል። በሌላው ወገን ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጅብራ የሚበቅልበት። ልጁን ዘመዶችህ የት ናቸው፣ እዚያ አሁን ምን ይዘራል ብሎ መጠየቅ ብቻ በቂ ነው። አንዱ አያቱ ቆላ ማሽላ ሲጠብቁ፣ ሌላው አያቱ ደጋ ገብስ ያጭዳሉ።

የኔታ፦ ስንት ነገር አለሽ! ይህን ሁሉ ለማስተማር መንግሥት መጽሐፍ እስኪያሳትም አትጠብቂ።

መምህርት፦ መጽሐፉስ ቢታተም የሚከፈት ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል፣ የኔታ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በአማራ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ድሮ የሚዘጋው ክረምት ክረምት ነበር፤ አሁን ግን በጋም ክረምትም የተዘጋበት ቀበሌ አለ። አንደኛ ክፍል መግባት የነበረባቸው ልጆች ዕድሜያቸው እያለፈ ነው። ለነሱ ክፍል መክፈት የእኔ አቅም አይደለም። ጠርሙስና ደብተር ግን ከእጅ ወደ እጅ ይደርሳል።

የኔታ፦ ደብተሩን እንዴት አድርገሽ ትሠሪዋለሽ?

መምህርት፦ እስከ ዛሬ የወር የወር አድርጌ አስቤው ነበር። አሁን በእርስዎ ሰባት እከፍለዋለሁ። መጀመሪያው የዘርና የደመና ነው፤ ልጁ ጓሮው ውስጥ አንድ ፍሬ ባቄላ ይዘራና በየሳምንቱ ቁመቱን ይሥላል። ሁለተኛው የመብረቅና የአፍላግ፤ ነጐድጓድ ይቆጥራል፣ የወንዙን ቀለም ይቀባል። ሦስተኛው የቁራዋ፤ ምን ወፍ ምን ሲበላ እንዳየ ይሥላል። አራተኛው የጎሕ፤ ፀሐይ የታየበትን ቀን ያከብባል፤ የመጀመሪያዋን አደይ ያየበትን ቀንና ቦታ ያስጽፋል። አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው መስከረም ስለሆኑ እኛው ጋ ክፍል ውስጥ ይሞላሉ። ስሞቹን በየገጹ አናት ላይ በትልልቅ ፊደል እጽፋለሁ።

የኔታ፦ እንግዲህ በቃልም ያዙት ማለት ነው።

መምህርት፦ ከረጠቡ በኋላ።

የኔታ፦ ከረጠቡ በኋላ ይሁን። በይ እንግዲህ ሰኔ 26 ሳይደርስ ደብተሮቹን አድርሺ። ለወላጆቹ እኔ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እነግራቸዋለሁ። ከብት የምትጠብቀውም ልጅ ትሁን ሕፃን የሚያዝለው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለጠርሙሱ ጊዜ ስጡት። ደብተሩን ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር አታስቀምጡበት፤ ምድጃ ማቀጣጠያም አታድርጉት። ስንት ደረሰ ብላችሁ ጠይቁት፤ እናንተም ቀና ብላችሁ እዩለት። መስከረም ላይ ባዶ ደብተር ይዞ የመጣ ልጅ ካለ፣ የምንጠይቀው ልጁን አይደለም፤ እናንተን ነው።